ልብሱ ሲዋኝ፣ ጫማው ሲሮጥ

ሮም ስለ ሰው ልጅ ገላ ሁለት ተቃራኒ ወሬ አላት። አንደኛውን ሁላችንም ከእናት ጡት ጋር ጠጥተነዋል። በ1960 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፤ ታገሡን) አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ሁለተኛውን ወሬ ግን እኛ ሰፈር የሚያውቀው የለም። በ2009 በዚያችው ሮም የዓለም የዋና ሻምፒዮና ተካሄደ። በስምንት ቀን ውስጥ 43 የዓለም ክብረ ወሰን ተሰበረ። አርባ ሦስት! የሩጫ ሰው ይህን ሲሰማ «እንዴ! ገንዳውን አሳጠሩት እንዴ?» ነው የሚለው። ገንዳው ያው 50 ሜትር ነው። ዋናተኞቹም በአንድ ዓመት ውስጥ ዓሣ አልሆኑም። የቀየሩት ልብስ ነው።

ይህን የምንጽፈው ሦስት ነን፤ አንዳችን የሰበታ፣ አንዳችን የቡራዩ፣ አንዳችን የሱሉልታ ልጅ። (ዛሬ ሦስቱም ተጠቃለው ሸገር ከተማ ውስጥ ገብተዋል፤ አፋችን ግን እስካሁን አልለመደልንም።) ከዋና ጋር ያለን ዝምድና ቀጭን ነው። የቡራዩው ልጅ ገፈርሳ ግድብን እያየ ነው ያደገው፤ ግድቡ የአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ስለሆነ ግን እግርህን ብትነክር ዘበኛው ዱላ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ዋና የሚለመደው ወንዝ ውስጥ ነበር። የዋና ልብስ? እንደተወለዱ። ልብሱን አርጥቦ ቤት የገባ ልጅ እንደሚገረፍ ስለሚያውቅ፣ ቁምጣና ሸሚዙን ወንዙ ዳር አስቀምጦ ድንጋይ ይጭንበታል። እንግዲህ እኛ የምናውቀው የዋና ልብስ ታሪክ ይኸው ነው፤ ተጀምሮ አለቀ።

የእነሱ ግን ረዥም ነው። መጀመሪያ ሱፍ ነበር። ሱፍ ውኃ ይጠጣል፤ ጋቢ ለብሶ እንደመዋኘት ቁጠሩት። ከሱፍ ወደ ሐር፣ ከሐር ወደ ናይለን ተሻገሩ፤ ልብሱም በየዘመኑ እያጠረ ሄደ። አሜሪካዊው ማርክ ስፒትዝ በ1972 ሙኒክ ላይ ሰባት ወርቅ ሲወስድ የለበሰው ነገር ከመሐረብ ብዙም አይበልጥም፤ ፂሙን እንኳ አልተላጨም። የዚያን ጊዜ ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ልብስ ጣጣ ነውና ባነሰ ቁጥር ይሻላል።

ከዚያ ሐሳቡ ተገለበጠ። ጣጣው ልብሱ ሳይሆን ገላው ራሱ ነው፣ ሥጋ ውኃ ውስጥ ይርገበገባል፣ ውኃውን ይይዛል፤ ስለዚህ ገላውን እንሸፍነው አሉ። በ2000 ሲድኒ ላይ ከሻርክ ቆዳ ተማርን የሚሉ ሙሉ ልብሶች ታዩ። በ2008 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ስፒዶ የተባለው ኩባንያ «ኤልዜድአር ሬሰር»ን አወጣ። ጨርቆቹን በነፋስ መሞከሪያ ዋሻ የፈተነለት ናሳ ነው፤ አዎ፣ ጨረቃ ላይ ሰው ያወጣው ናሳ! ልብሱ በመርፌና ክር አልተሰፋም፤ በድምፅ ሞገድ ነው የተጣበቀው። ገላን እንደ መቀነት ጠፍሮ ስለሚይዝ ለመልበስ ብቻ 20 ደቂቃ ያህል ያታግላል። ቤጂንግ ኦሎምፒክ ላይ በዋና ከተሰበሩት 25 የዓለም ክብረ ወሰኖች 23ቱን የሰበሩት ይህን የለበሱ ናቸው።

በዓመቱ ተፎካካሪዎቹ ጨርቁን ጨርሰው ጥለው ሙሉ በሙሉ ፖሊዩሪቴን የተባለ ጎማ መሰል ነገር ይዘው ሮም ገቡ። ይኼኛው አየር ያፍናል፤ ሰውየውን ከውኃው ከፍ አድርጎ ያንሳፍፈዋል። ጀርመናዊው ፓውል ቢደርማን ማይክል ፌልፕስን በ200 ሜትር ነጻ ቀዘፋ በ1:42.00 ቀደመው። ፌልፕስ የለበሰው የአምናውን ነበር! አሰልጣኙ ተናድዶ፣ ነገሩ ካልተስተካከለ ልጁን ከዓለም አቀፍ ውድድር አስቀረዋለሁ እስከማለት ደረሰ። የዓለም ዋና ፌዴሬሽንም ከ2010 የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ የውድድር ልብስ ጨርቅ ብቻ እንዲሆን ወሰነ፤ ለወንድ ከወገብ እስከ ጉልበት፣ ለሴት ከትከሻ እስከ ጉልበት። የተሰበሩት ክብረ ወሰኖች ግን አልተሰረዙም። በጨርቅ የሚዋኙ ልጆች በፕላስቲክ የተመዘገበ ሰዓት ሲያሳድዱ ዓመታት አለፉ። ብራዚላዊው ሴዛር ሲዬሎ ሮም ላይ በ100 ሜትር ያስመዘገበው 46.91 እስከ 2022 ድረስ ቆመ፤ የሰበረውም የ17 ዓመቱ ሮማኒያዊ ዳቪድ ፖፖቪች ነው። የት? እዚያው ሮም።

ለምን ይህን ሁሉ ስለ ዋና እንደተረክን ትጠይቁ ይሆናል። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ዓመታት እያየን ያልገባን ነገር ዋናተኞቹ ታሪክ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ስላገኘነው ነው።

ሱሉልታን ለማያውቅ፦ ከአዲሱ ገበያ ታክሲ ይዛችሁ የእንጦጦን ወገብ ስትሻገሩ ሜዳው ከፊታችሁ ይዘረጋል። ከፍታው ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ከብቶቹ እንኳ በግድ ነው የሚነሡት። በዚያ ሰዓት ሯጮቹ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፈው፣ እንደ እባብ እየተጣጠፉ ባሕር ዛፉ ውስጥ ይገባሉ። ቀነኒሳ በቀለ የሠራው መም ያለው እዚህ ነው፤ ከዓለም ዙሪያ የሚመጡ ሯጮችም የሚያርፉት በዚሁ ሰፈር ነው። አበበ ቢቂላም የክብር ዘበኛ ወታደር ሳለ ከሱሉልታ ተራሮች አዲስ አበባ ድረስ 20 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይመላለስ እንደነበር ይነገራል።

የሱሉልታው ጓደኛችን ልጅ ሆኖ ሯጮቹን በፊታቸው ነበር የሚለያቸው። አሁን በጫማቸው ነው የሚለያቸው። ሰኞ ጭቃው ላይ የሚታየው ጫማ ሌላ ነው፤ ጎኑ የተተረተረ፣ ማስቲሽ የጠጣ፣ ሶሉ የተበላ። ያኛው፣ ወፍራሙና ደማቁ፣ ጭቃ አይነካውም። በቦርሳ ይመጣል፣ በቦርሳ ይሄዳል፤ መም ላይ ወይም አስፋልት ላይ ለአንድ ሰዓት ይወጣና ይመለሳል። ሙሽራ ነው የሚመስለው።

አንድ የምናውቀው ሯጭ አንድ ጊዜ አስሞከረን። መጀመሪያ የሚሰማህ ሚዛን መሳት ነው፤ ፍራሽ ላይ እንደመቆም። ከዚያ ስትራመድ ወደፊት ያዳፋሃል። ሁለት እርምጃ አስበህ ሦስት ትራመዳለህ። ከእኛ መሐል ቦርጭ ያለው ሰው (ስሙ ይቆየን) እስከ አጥሩ ሮጦ ተመለሰና «አውልቁልኝ፤ ልማድ ይሆንብኛል» አለ።

ምስጢሩ ሁለት ነገር ነው። ሶሉ ውስጥ በጣም ቀላልና ነጣሪ ስፖንጅ አለ፤ ስፖንጁ መሐል ደግሞ ጠንካራ የካርቦን ሰሌዳ ተቀብሯል። ስትረግጠው ስፖንጁ ይታመቃል፤ ስትነሣ የወሰደውን ጉልበት ይመልስልሃል። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 ይፋ ባደረጉት ጥናት የናይኪን የሙከራ ጫማ 18 ሯጮች ላይ ፈትነው ነበር። ስፖንጁ ከሚረገጥበት ጉልበት 87 በመቶውን ይመልሳል፤ ሯጮቹም በዚያው ፍጥነት ለመሮጥ ከሌሎቹ የውድድር ጫማዎች በአማካይ 4 በመቶ ያህል ያነሰ ጉልበት አወጡ። (ጥናቱን በገንዘብ የደገፈው ናይኪ ራሱ መሆኑን ልብ በሉ፤ በኋላ ግን ሌሎችም ፈትነው ጥቅሙን አግኝተውታል።) የጉልበት 4 በመቶ የሰዓት 4 በመቶ ማለት አይደለም፣ ያንሳል። ደግሞ ሁሉንም እኩል አይጠቅምም፤ ለአንዱ ብዙ፣ ለሌላው ትንሽ ነው። ይህቺን ያዙልን፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ታዲያ አበበስ? ባዶ እግር ከሁሉም ይቀላል፤ ሚዛኑ ዜሮ ነው። እግር ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ 100 ግራም የሩጫውን ወጪ 1 በመቶ ያህል ያስወድዳል፤ በዚህ ሒሳብ አበበ አትራፊ ነበር። ግን ከሥር ስፖንጅ ከሌለ ጡንቻው ራሱ ስፖንጅ ይሆናል፤ ድንጋዩን የሚያበርደው ሥጋህ ነው፤ ያም ጉልበት ይበላል። ትርፍና ኪሳራው ይጣፋል ማለት ነው። በባዶ እግሩ የሮጠውም ለአፍሪካ ምልክት ሊሆን ብሎ ሳይሆን ሮም ላይ ያገኘው ጫማ እግሩን ስላላመጠው ነው። በ1961 ጃፓን ሄዶ ሲሮጥ ኦኒትሱካ የተባለው የጃፓን ጫማ ሠሪ ለምኖ ጫማ አስደረገው። በ1964 ቶኪዮ ላይ ሁለተኛውን ወርቅ በ2:12:11 ሲያሸንፍ፣ ትርፍ አንጀቱ ከተቀደደ ገና 40 ቀን እንኳ በቅጡ ሳይሞላው፣ እግሩ ላይ ፑማ ነበር። ይህን የምንለው ታሪኩን ለማሳነስ አይደለም። አበበ ጫማ አልጠላም፤ ጫማው ነው ያልሆነው።

ባዶ እግሩንም ቢሆን ሸጠውታል። በ2010 ቪብራም የሚባል ኩባንያ እንደ ጓንት አምስት ጣት ያለው ቀጭን ጫማ ሠርቶ «ቢቂላ» ብሎ ሰየመው። ቤተሰቡ በ2015 አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ዳኛው በ2016 ክሱን ውድቅ አደረገው፤ ምክንያቱ ደግሞ ስሙ የእናንተ አይደለም የሚል ሳይሆን ዘግይታችኋል የሚል ነበር። በዓለም ላይ ፈጥኖ በመድረስ የሚታወቀው ስም፣ ዘገየ ተብሎ ተረታ።

አሁን ወደ አዲሶቹ ጫማዎች። ሪዮ 2016ን ታስታውሳላችሁ። ዓለም የአንድ ዋናተኛችንን ሰውነት እያየ ሲሳለቅ ከረመ፤ (100 ሜትሩን በ1:04.95 ነው የጨረሰው፤ ናሳ ራሱ ቢሰፋለት ለውጥ አይኖረውም ነበር፤ ቢሆንም ሳቁ ከልክ ያለፈ ነበር)። በመጨረሻው ቀን ደግሞ ፈይሳ ሌሊሳ በማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ በኦሮሚያ የሚገደሉትን ሰልፈኞች አስቦ ክንዶቹን ከራሱ በላይ አጣመረ። ለእኛ ለሦስታችን ያ ምስል ምን እንደነበረ እዚህ አንዘረዝርም፤ ሰፈሮቻችን በዚያ ዓመት እንዴት እንደከረሙ የነበረ ያውቃል። የዓለም ዓይን ክንዱ ላይ ነበር፤ ልክም ነው። እግሩን ግን ማንም አላየውም። በዓመቱ ናይኪ አዲሱን ጫማ ሊሸጥ ሲነሣ ነው ወሬው የወጣው፤ በዚያ ማራቶን ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት ኪፕቾጌ፣ ፈይሳና አሜሪካዊው ሩፕ ሦስቱም ገበያ ያልወጣውን የሙከራ ጫማ አድርገው ነበር።

«ጫማ አይሮጥም፣ ሰው ነው የሚሮጠው» የሚሉ ወዳጆች አሉን፤ እነሱም የሚይዙት አላቸው። በ2017 ጣሊያን ሞንዛ በሚገኘው የመኪና ውድድር መንገድ ላይ ናይኪ ማራቶንን ከሁለት ሰዓት በታች ለማስገባት ሦስት ሰው አሰለፈ፤ አንዱ የእኛው ሌሊሳ ዴሲሳ ነበር። ያው ጫማ፣ ያው መንገድ፣ ያው የአሯሯጭ መንጋ። ኪፕቾጌ 2:00:25 ሮጠ፤ ሌሊሳ 2:14:10። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሌሊሳ በዶሃ ሙቀት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ስለዚህ ማንም ጫማ አድርጎ ብቻ አያሸንፍም። ጥያቄው ግን ያ አይደለም። ጥያቄው በሰው አቅም እኩል ከሆኑት ሁለት ልጆች አንደኛዋ ጫማው ሲኖራት ሌላዋ ከሌላት ምን ይሆናል ነው።

ክብረ ወሰንን በተመለከተማ እኛ ኢትዮጵያውያን ሁለት አፍ ነው ያለን። ኦክቶበር 7፣ 2020፣ ቫሌንሲያ፣ በአንድ ምሽት፣ በአንድ መም። ዩጋንዳዊው ቼፕቴጌ የቀነኒሳን የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰን፣ 15 ዓመት የቆመውን 26:17.53፣ ወደ 26:11.00 አወረደው። እኛ ቡና ቤት ውስጥ «ጫማው ነው! መሙ ዳር የሚበራው መብራት ነው!» ብለን ጮህን። በዚያው ምሽት ለተሰንበት ግደይ የጥሩነሽ ዲባባን የ5,000 ሜትር 14:11.15 ወደ 14:06.62 አወረደችው። ያው ኩባንያ፣ ያው ዓይነት ስፓይክ፣ ያው መብራት። ያኔ ስለ ጫማ ያነሣ ሰው ቡና ቤቱ ውስጥ አልነበረም። ቀነኒሳም ራሱ በ2019 በርሊን ላይ በ37 ዓመቱ 2:01:41 ሲሮጥ፣ ከኪፕቾጌ ክብረ ወሰን በሁለት ሰከንድ ብቻ ሲያንስ፣ እግሩ ላይ የነበረው ያው ስፖንጅ ነው። ሲወስድብን ጫማው፣ ሲሰጠን ልጆቻችን። ደስ አይልም?

ዋናተኞቹ ሮም ላይ «በቃ» ብለው ልብሱን አስወለቁ። የአትሌቲክሱ ማኅበር ግን አላስወለቀም። በጥር 2020 ማስመሪያ አመጣ፤ የመንገድ ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር አይበልጥ፣ ሰሌዳውም ከአንድ አይበልጥ። ለመም ጫማ ደግሞ በኋላ 20 ሚሊ ሜትር ላይ ወሰነ። በዋና የተጠየቀው «ይህ ነገር ልብስ ነው ወይስ ሞተር?» የሚለው ነበር፤ በሩጫ የተጠየቀው «ሞተሩ ስንት ሴንቲ ይሁን?» ነው። የእኛ አስተያየት ይኸው ነው፤ የሚከራከረን ካለ ሱሉልታ ድረስ ይምጣና ቡና እንጋብዘዋለን።

ማስመሪያው መጀመሪያ ማንን ገረፈ መሰላችሁ? ሴፕቴምበር 12፣ 2021 ቪየና ላይ ደራራ ሁሪሳ የሚባል የ24 ዓመት ልጅ ማራቶኑን በ2:09:22 አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ሁለተኛውን ኬንያዊ የቀደመው በሦስት ሰከንድ ነው። ከዚያ ጫማው ተለካ፤ 5 ሴንቲ ሜትር። ከሩጫው በፊት በተሞላው ቅጽ ላይ የተጻፈው ጫማ ሌላ ነበር። ተሰረዘ። የትንሿ ጣት ውፍረት ያህል ነገር ናት፤ ጫማው ደግሞ በድብቅ የተሠራ አይደለም፣ ለልምምድ ተብሎ ሱቅ የሚሸጥ ነው። ሕግ ሕግ ነው፤ አንከራከርም። ግን 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ አንደኛ የገባን ሰው ማስመሪያ ይዘው ሲጠብቁት አስቡት። አበበ ዘመን ዳኛው የሚለካው እግር ጠፍር እንኳ አልነበረበትም።

በ2023 ደግሞ በርሊን። ትዕግሥት አሰፋ 2:11:53። የነበረውን የሴቶች ክብረ ወሰን በ2 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ቀነሰችው። በማራቶን ይህ መቀነስ ሳይሆን መቁረጥ ነው! ሪዮ ላይ 800 ሜትር የሮጠች ልጅ ናት። ከሩጫው በኋላ ጫማዋን አውልቃ ከፍ አደረገችው፣ ሳመችው። ጫማው አዲዳስ ነው፤ ክብደቱ 138 ግራም፣ ዋጋው 500 ዶላር፤ ኩባንያው ራሱ ለአንድ ማራቶንና ለጥቂት መላመጃ ብቻ ነው የሠራሁት ብሏል። በማግስቱ የዓለም ወሬ ግማሹ ስለ ጫማው ሆነ። ይህ ያናድዳል፤ ያንን ጫማ ያደረገ ሁሉ ክብረ ወሰን አልሰበረም። ግን ጫማዋን የሳመችው እሷው ስለሆነች ምን ማለት ይቻላል? ኮንትራት የሚባለው ነገርም አለ።

ዋጋውን በእኛ ገንዘብ እንቁጠረው። በዚያን ጊዜ የባንክ ምንዛሪ ከ27,000 ብር በላይ ነው። በ2024 ብር በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ከ50,000 ብር አልፏል። ለአንድ ሩጫ።

እዚህ ላይ የሰበታው ጓደኛችን ይናገር። ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ በጅማ መንገድ፣ ከአየር ጤና በዓለም ገና አድርገው፣ የክለብና የማናጀር መኪኖች ሯጭ ጭነው ሰበታ ይመጣሉ። ሰበታ ከሱሉልታ ዝቅ ይላል፤ አየሩ ይሻላል፣ ስለዚህ ፍጥነት የሚፈተነው እዚያ ነው። ሯጮቹ ከመኪናው ሲወርዱ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ጫማ ይቀይራሉ። በልጅነቱ ሁሉም ያው ቀጭን ጫማ ነበራቸው፤ ልዩነቱ የአሮጌና የአዲስ ነው። አሁን መንገዱ ላይ ሁለት ዓይነት ድምፅ አለ ይላል። ወፍራሙ ጫማ አስፋልቱን ሲረግጥ «ድፍ፣ ድፍ» ይላል፤ ተራው «ጠፍ፣ ጠፍ»። ዓይኑን ጨፍኖ ኮንትራት ያለውንና የሌለውን ይለያል።

ነገሩም እንዲህ ነው። ጫማው የሚመጣው ከኮንትራቱ ጋር ነው። ኮንትራቱ የሚመጣው ከሰዓቱ በኋላ ነው። ሰዓቱ ደግሞ አሁን አሁን የሚመጣው ከጫማው በኋላ ሆኗል። ድሮ የማናጀር ዓይን የሚገባው ባስቀያሚ ጫማ የሚያሯሩጥ ልጅ ነበር፤ ጫማው ማስቀየሙ ራሱ ማስታወቂያ ነበር፣ «ይህን አድርጎ እንዲህ ከሮጠ...» ያሰኝ ነበር። አሁን አንድ ልጅ ከሌላው በ30 ሰከንድ ወደኋላ ቢቀር፣ ሠላሳው ሰከንድ የእግሩ ይሁን የጫማው ማን ይለየዋል? ያቺን «ያዙልን» ያልናችሁን አሁን አምጧት፤ ጫማው ለሁሉም እኩል ስለማይጠቅም፣ አስደርገው ካላዩት በቀር ማንም አያውቅም። አሰልጣኙም አያውቅም። ልጁ ራሱ አያውቅም።

የአትሌቲክሱ ማኅበር በ2020 ኮንትራት ለሌላቸው ምርጥ አትሌቶች ጫማ የሚዳረስበት አሠራር እንዲኖር ደንግጓል። ጥሩ ነው። ሰበታ መንገድ ላይ የጠየቅናቸው ልጆች ግን አልሰሙም፤ ድንጋጌው «ምርጥ» ለሚባሉት ነውና እነሱ ገና ምርጥ ለመባል ነው የሚሮጡት። መርካቶ ደግሞ ሌላ መፍትሔ አለው። ዓርማው ያለ፣ ቀለሙ ያለ፣ ውፍረቱ ያለ ጫማ በአሥር እጥፍ ያነሰ ዋጋ ታገኛላችሁ። አንዱን ገዝተን ሰበታ ሊስትሮ ዘንድ ወስደን በካራ አስከፈትነው። ሰሌዳ የለም። ተራ ስፖንጅ ነው። ሊስትሮው ሳቀና «እኔ በዚህ ዋጋ ብረት እከትላችሁ ነበር» አለን።

ዋናው ገበያ ግን እርስ በርስ ነው። ኮንትራት ያለው ሯጭ በዓመት ብዙ ጫማ ይላክለታል፤ ይሰጣል፣ ይሸጣል፣ ለእህቱ ልጅ ያወርሳል። የዚህ ጫማ ችግር እንደ ሸራ ጫማ ቀዳዳውን አይታችሁ ማለቁን አታውቁም። ላዩ አዲስ ሆኖ ስፖንጁ ውስጥ ለውስጥ ይሞታል። ስለዚህ ሯጮቹ ኪሎ ሜትር ይቆጥሩለታል፤ እንደ መኪና።

ሱሉልታ ውስጥ ሦስት ሆነው አንድ ክፍል የተከራዩ ሴት ልጆች አሉ፤ ከአርሲ የመጡ። አከራያቸው ሴትዮ «ልጆቼ» ነው የሚሏቸው፤ ኪራይ ሲዘገይ ብቻ «እናንተ ልጆች» ይሆናሉ። ቤቱ ውስጥ ከአልጋው በላይ ምስማር ላይ ፌስታል ተንጠልጥሏል። ትንሿ ልጅ አውርዳ አሳየችን። ጫማው ብርቱካን ነው። ከአንዲት ትልቅ ሯጭ በሦስት ወር የቤት ኪራይ ዋጋ ነው የገዛችው። ምላሱን ገልብጣ አሳየችን፤ ውስጡ ላይ የመጀመሪያዋ ባለቤት በእስክሪብቶ ጽፋለች፦ 42፣ ከሥሩ 21፣ ከሥሩ 10።

«የአንቺስ?» አልናት።

«እኔ ገና አልጻፍኩበትም።»

መች ልታደርገው እንዳሰበች ጠየቅናት። ለውድድር ነው፤ የትኛው ውድድር እንደሆነ አልታወቀም፤ አሰልጣኙ አሳውቃችኋለሁ ብሏቸዋል። እስከዚያ እሑድ እሑድ ታወርደዋለች፣ በእርጥብ ጨርቅ ታብሰዋለች፣ ጸሐይ እንዳያገኘው በር ሥር ጥላ ላይ ታስቀምጠዋለች። ክብደቱን እንድናይ በእጃችን ሰጠችን፤ ባዶ ፌስታል ነው የሚመስለው። ከዚያ አድርጋ ክፍሉ ውስጥ ሁለት እርምጃ ሄደች፤ ተረከዟ ወጣ ገባ ይላል።

«ግማሽ ቁጥር ይበልጠኛል» አለች። «ካልሲ ደርቤ ነው የምሮጥበት።»